በጥጋብ ያደገ ሰው እንዴት ያመሰግናል?

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ ይህችን ትንሽ ጽሑፍ በእጅህ ይዘህ ፊደሉን እየለየህ የምታነብ ከሆንህ፥ ከልጅነትህ ጀምሮ አንድ ሰው እንደ ደከመልህ አውቃለሁ። ማንበብን ማንም ከእናቱ ማሕፀን ይዞ አይወለድምና። አንድ ሰው ደብተር ገዝቶልሃል፤ አንድ ሰው ጧት ቀስቅሶ፥ ፊትህን አጥቦ፥ ቁርስ አብልቶ ወደ ትምህርት ቤት ልኮሃል፤ ታመህ በተኛህበትም ሌሊት ዐይኑን ሳይከድን ያደረ ሰው አለ። ስለዚህ ስለ ማመስገን ከአንተ ጋራ ጥቂት እንድነጋገር ፍቀድልኝ።

ምናልባት፥ «እኔ ማመስገንን አውቃለሁ፤ ወደ ማዕድ ስቀርብ ተመስገን እላለሁ፤ ጠግቤ ስነሣም ተመስገን እላለሁ» ትለኝ ይሆናል። መልካም ነው፤ ሳያመሰግን ከሚበላ ሰው ትሻላለህ። ነገር ግን በቤታችን ሁሉ የተለመደ አንድ ዐይነት ምስጋና አለ፤ እርሱን አብረን እንድንመረምረው እወዳለሁ። ልጅ ምግቡን ገፍቶ ሲነሣ እናቱ፥ «ስንቱ የእናት ልጅ ጦሙን እያደረ አንተ እንጀራ ትገፋለህን?» ብላ ትቈጣዋለች። ልጁም ፈርቶ ይበላል። አድጎ ሰው በሆነ ጊዜም በመንገድ ዳር የተራበ ሕፃን ሲያይ፥ «ጌታዬ ሆይ፥ እኔን እንደዚህ ስላላደረግኸኝ ተመስገን» ብሎ ያልፋል፤ ልቡም ቀለል ይለዋል። አንዳንዱ ሳንቲም ይጥላል፤ አንዳንዱ አይጥልም። ሁለቱም ግን ያመሰገኑ ይመስላቸዋል።

ይህ ምስጋና የማን ምስጋና እንደ ሆነ ታውቃለህን? ሊጸልዩ ወደ ቤተ መቅደስ ስለ ወጡት ስለ ሁለቱ ሰዎች ጌታችን የተናገረውን ምሳሌ አንብብ (ሉቃ. 18፥9-14)። ፈሪሳዊው ጸሎቱን የጀመረው በምስጋና ነው፤ ይህን ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው እናልፋለን። ያ ሰው ተሳዳቢ አልነበረም፤ ከሃዲም አልነበረም፤ አመስጋኝ ነበረ። ነገር ግን ያመሰገነው ቀራጩን እየተመለከተ ነው። ቀራጩ በስተኋላው ባይቆም ኖሮ ምስጋናው ግማሽ በሆነበት ነበር። እኛም የተራበውን ሕፃን የራሳችንን ጥጋብ የምናይበት መስተዋት ካደረግነው፥ ያ ሕፃን በጠገበ ቀን ምስጋናችን ይጎድላል ማለት ነው። በሕፃን ራብ የሚሞላ ምስጋና እንዴት ወደ እግዚአብሔር ፊት ይደርሳል?

ይህን የምጽፍልህ በሌላው ልፈርድ አይደለም፤ እኔ ራሴ በዚህ ምስጋና አድጌአለሁና።

በ1977 ዓ.ም. የ10 ዓመት ልጅ ነበርሁ። በዚያ ዓመት በወሎና በትግራይ ድርቅና ጦርነት ተደራርበው ሕዝቡን ይፈጁት ነበር፤ በጥቅምት ወርም የኮረም ሥዕል በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን ታይቶ ዓለም ሁሉ ደነገጠ። በእኛ ቤት ግን እንጀራ አልጎደለም። አባቴ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበረና ከቀበሌው ሱቅ እህል ይሰፈርልን ነበር። በዚያ ዘመን ገበሬው ከምርቱ የተወሰነውን ክፍል በዝቅተኛ ዋጋ ለመንግሥት እንዲሸጥ ይገደድ እንደ ነበረ፥ ያም እህል ለሠራዊቱና ለከተማው ሰው ይከፋፈል እንደ ነበረ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በልጅነቴ እንጀራ ማለት ከመሶብ የሚወጣ ነገር ነበረ፤ ወደ መሶቡ ከየት እንደ ገባ አልጠየቅሁም።

በዚያው ዓመት አንዲት ብላቴና ወደ ቤታችን መጣች። ከወሎ በኩል አክስትዋ ይዛት መጥታ ነበር። የአባትዋ በሬዎች አልቀው ነበር፤ ታናሽ ወንድምዋም በመንገድ ቀርቶአል። ዕድሜዋ ከእኔ እኩል ነበረ። አክስትዋ ደመወዝ አልጠየቀችም፤ «ለሆድዋ ትኑር» ብላ ሰጠችን። እናቴም አዘነችላት፤ አጠበቻት፥ የእኅቴን አሮጌ ቀሚስ አለበሰቻት፥ ቀስ በቀስ እያበላች አስነሣቻት። ጎረቤቶቻችንም፥ «ጽድቅ ሠራችሁ» አሉን። በእውነትም ያች ልጅ በእኛ ቤት ከሞት ድናለች፤ ይህን ሐሰት ነው አልልም።

በበረታች ጊዜ ሥራዋ ታወቀ። ውሃ ትቀዳለች፥ ቤት ትጠርጋለች፥ ማታ እግራችንን ታጥባለች። በየቀኑም በስድስት ሰዓት ምሳዬን በምሳ ዕቃ ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ትመጣ ነበር። ዘበኛው ስለማያስገባት ምሳ ዕቃውን በአጥሩ ቀዳዳ ትሰጠኛለች፤ በልቼ እስክጨርስም በውጭ ቆማ ትጠብቃለች። ቀደም ብላ በመጣችበት ቀን፥ ክፍላችን በአጥሩ አጠገብ ነበረና፥ እኛ የማባዣውን ቍጥር በዜማ እየጮኽን ስንል ትሰማ ነበር። አንድ ማታ ዕቃ ስታጥብ ለብቻዋ፥ «ሰባት ጊዜ ስድስት፥ አርባ ሁለት» ስትል ሰማኋት። እየሳቅሁ ሮጬ ለወላጆቼ ነገርኋቸው። እነርሱም ጠርተው፥ «እስቲ ድገሚው» አሏት። አፍራ አንገትዋን ደፍታ የሰባቱን አንድም ሳትስት እስከ መጨረሻው አለችው። ሁላችንም ሳቅን። አባቴም፥ «ይህች ልጅ ብትማር ኖሮ የት በደረሰች!» አለ። ከዚያ በኋላ ቡና ቀረበ።

አንባቢ ሆይ፥ «ብትማር ኖሮ» በሚለው ቃል ላይ ጥቂት ቁም። ማን ከለከላት? የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ያለ ዋጋ ፊደል ይቈጠር ነበር፤ በእኛ ቀበሌ ትምህርቱ የማታ ነበረ፤ ከቤታችን እስከ አዳራሹም አምስት ደቂቃ አያስኬድም ነበር። ማታ ግን የራት ዕቃ የሚታጠብበት ሰዓት ነው። እኛ ራታችንን እንበላለን፤ አባቴ ተነሥቶ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማል፤ እኔም እጄን ዘርግቼ ስላበላን አምላክ አመሰግናለሁ፤ ብላቴናይቱ በማጀት ሆና ተራዋን ትጠብቃለች። አንዳችን ስንኳ ክፉ ሰው አልነበርንም። እኔ አንድ ቀን መትቻት አላውቅም። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ አንድ ሰው ሳይመታ፥ ሳይሰድብ፥ ሳይሰርቅ፥ ደግሞም እያመሰገነ የሌላውን ሰው ዕድሜ ሊበላ ይችላልና። ባለጠጋው ሰው በአልዓዛር ላይ ምን አደረገበት? ከደጁ አላባረረውም። ዘመኑን ሁሉ በአጠገቡ አለፈ እንጂ (ሉቃ. 16፥19-31)።

እኔ በዚያ ዘመን በክፍሌ ከፊተኞቹ ነበርሁ፤ ጎበዝ እየተባልሁም አደግሁ። ይህን ጉብዝና ለብዙ ዓመት ከራሴ ያገኘሁት መሰለኝ። አሁን ግን ሐኪሞች የሚያስተምሩት ትምህርት ኵራቴን ሰበረው። ሕፃን በእናቱ ማሕፀን ሳለ፥ ከዚያም ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ የሚበቃውን ምግብ ካላገኘ፥ ቁመቱ ይቀጭጫል፥ አእምሮውም እንደሚገባው አያድግም፤ በኋላ ቢጠግብም የጎደለውን ሁሉ መመለስ አይቻልም። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ከ100 ሕፃናት 37ቱ እንደዚህ ቀጭጨው ተገኝተዋል። ወደ ጤና ጣቢያ ሄደህ ብታይ፥ የጤና ሠራተኞቹ ባለ ቀለም ጥብጣብ በሕፃኑ ክንድ ላይ ይጠመጥማሉ፤ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ያነሰ እንደ ሆነ ጥብጣቡ ቀይ ያሳያል፤ ያም ሕፃን ለሞት ቀርቦአል ማለት ነው። አንተ ከዚያ ጥብጣብ ያመለጥኸው በብርታትህ ነውን? በሁለት ዓመትህ ምን ብርታት ነበረህ? ጉብዝና ብለን የምንኰራበት ነገር ብዙው ወተት ነው፤ ወተቱንም ያጠጣን ሌላ ሰው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች በእጃቸው ካለው ሁሉ ከሌላ ያላገኙት አንዳች ነገር እንዳለ ጠይቆ ትምክሕታቸውን ዘጋባቸው (1 ቆሮ. 4፥7)። ይህ ጥያቄ ለተማረ ሰው ከሁሉ ይልቅ ይከብዳል።

«ራብስ ከላይ የሚመጣ ነው፤ ዝናም ሲቀር ሰው ምን ሊያደርግ ይችላል?» የሚል ይኖራል። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ለዚህ ነገር የሚሆን ከሕንድ አገር የተገኘ አንድ ምስክር አለኝ፤ ነገሩ ከእኛ አገር ጋራ ስለሚገናኝ በትዕግሥት ስማኝ። በ1943 እ.ኤ.አ. በቤንጋል ታላቅ ራብ ሆነ፤ የሞተው ሕዝብ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። በዚያ ጊዜ አማርትያ ሴን የሚባል የ9 ዓመት ብላቴና ሳንቲኒኬታን በምትባል ቦታ በአያቱ ቤት ተቀምጦ ይማር ነበር። የመምህራን ዘር ነበረና ምንም አልጎደለበትም። አያቱም ወደ ደጃቸው ለሚመጣው ለእያንዳንዱ ችግረኛ በሲጃራ ቆርቆሮ ሩዝ እየሰፈረ እንዲሰጥ ፈቀዱለት። ብላቴናው ሰፈረ፤ ነገር ግን አንድ ነገር አስተዋለ። ከዘመዶቹና ከባልንጀሮቹ ቤት አንድ ስንኳ የተራበ አልነበረም። የሚሞቱት በገጠር በቀን ሥራ የሚያድሩት ድኾች ነበሩ። ይህን በልቡ ጠበቀው። አድጎ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በሆነ ጊዜ ራብ ስለ ምን እንደሚመጣ መረመረ፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍም ከቤንጋል ራብ ጋራ የእኛን የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎን ራብ ጻፈ።

ያገኘውም ይህ ነው። በወሎ ዝናም ቀርቶ የገበሬው ምርት ጠፍቶ ነበር፤ በአገሩ ሁሉ የነበረው እህል ግን ከወትሮው እጅግ አላነሰም። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ከተማ የወጣ እህል ነበረ። ገበሬው ግን የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ከብቱ አልቆበት ነበርና። የተራቡት ሰዎች ወደ ትልቁ ጎዳና ወርደው አውቶቡስና መኪና እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። አውቶቡሱም የተሳፈሩትን ይዞ ያልፍ ነበር። በመስኮቱ በኩል ከተመለከቱት መካከል፥ «ተመስገን» ያለ ሰው እንዳልጠፋ እጠረጥራለሁ።

ይህ ሊቅ ከእኛ ሃይማኖት አይደለም፤ ጌታችን ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ ሊያስተምር በፈለገ ጊዜ ሳምራዊን እንዳመጣ አስብና ስለ እርሱ መጻፌን አትንቀፍብኝ። እኔ በእርሱ ነገር ያየሁት፥ በጥጋብ ያደገ ልጅ በቆርቆሮ ሩዝ ሰፍሮ መስጠቱ ለልቡ እንዳልበቃው ነው። ስለ ምን እኔ ሰፋሪ ሆንሁ፥ ስለ ምን እነርሱ ለማኝ ሆኑ ብሎ ጠየቀ።

በመጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ከእርሱ የሚበልጥ አለልን። ሙሴን አስብ። የዕብራውያን ወንዶች ሕፃናት ወደ ወንዝ በሚጣሉበት ዘመን፥ እርሱ ከዚያው ወንዝ ወጥቶ በንጉሥ ልጅ እጅ አደገ። እኩዮቹ በሞቱበት ውሃ እርሱ ዳነ። የግብፅንም ጥበብ ሁሉ ተማረ (ሐዋ. 7፥22)። ምስጋናው እንዴት ያለ ይመስልሃል? በቤተ መንግሥት ተቀምጦ፥ «ወደ ወንዝ ስላልተጣልሁ ተመስገን» ማለት ይችል ነበር። ኦሪት ስለ ጕልማስነቱ የምትነግረን የመጀመሪያው ነገር ግን ወደ ወገኖቹ ወጥቶ ሸክማቸውን ማየቱ ነው (ዘፀ. 2፥11)። መውጣትና ማየት፤ እውነተኛ ምስጋና በዚህ ይጀምራል። እርግጥ ነው፥ ሙሴ ካየ በኋላ ያደረገው መልካም አልነበረም፤ ግብፃዊውን ገድሎ በአሸዋ ሸሸገው። የሚቸኩል ወጣት ይህንንም ያንብብ። በእኛም አገር የወሎ ራብ ልባቸውን ያቃጠለው ብዙ ተማሮች ነበሩ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ እርስ በርሳቸው በጥይት ተጨራረሱ። ራብን አይቶ መቈጣት ይገባል፤ የተራበውን መውደድ ግን ከቍጣ ይልቅ ዕድሜ ይጠይቃል።

ሌላም ስሕተት አለ፤ ይህን ለእናንተ ለተማሮች እናገራለሁ። አንዳንዱ ወጣት የድኻውን ችግር ባየ ጊዜ በአባቱ ቤት ያፍራል፤ የእናቱን ጎመንና እንጀራ እንደ ኀጢአት ይቈጥረዋል፤ ወላጆቹንም ይዘልፋል። ይህም ምስጋና አይደለም። ሙሴ ያሳደገችውን የፈርዖንን ልጅ እንደ ነቀፈ የሚናገር ቃል በኦሪት አላገኘሁም። አባትህ ደክሞ ካበላህ እጁን ሳም፤ ስለ ደከመልህም ነገሩን ለእርሱ ለራሱ ንገረው፥ በመቃብሩ ላይ ልትናገረው አትቈይ። የተሰጠህን መጣል ለማንም አይጠቅምም፤ አንተ ብትራብ የወሎ ልጅ አይጠግብም። የተሰጠህ በአንተ ዘንድ እንዳይቀር ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንተ የአገሩን ሁሉ ራብ አትችለውም፤ እግዚአብሔርም ይህን ከአንተ አልጠየቀም። ነገር ግን ኦሪት ስለ ምስጋና በዓል ስታዝዝ እነማን እንዲገኙበት እንዳዘዘች ተመልከት። ወንድ ልጅህና ሴት ልጅህ ብቻ አይደሉም፤ ሎሌህና ገረድህ፥ ስደተኛው፥ አባትና እናት የሌለው ልጅ፥ መበለቲቱም አብረው ደስ ሊላቸው ይገባል (ዘዳ. 16፥11)። ገረዲቱ በማጀት ቆማ የሚደረግ የምስጋና ማዕድ በሕጉ የለም።

ስለዚህ ከቤትህ ጀምር። በማጀትህ ከገጠር የመጣች ልጅ አለችን? ዕድሜዋ ስንት ነው? ትምህርት ቤት ትሄዳለችን? የማታ ትምህርት ካለ፥ የራት ዕቃህን ማን እንደሚያጥበው አስብ፤ የገዛ እጅህ አልተሰበረምና። ደመወዝዋ በእጅዋ ይገባልን ወይስ ለአመጣት ሰው ይሰጣል? ብትታመም ልጅህን በወሰድህበት ፍጥነት ትወስዳታለህን? የተረፈውን ትበላለችን ወይስ ከሌማቱ ትቈርሳለች? እነዚህ ጥያቄዎች ትንንሽ ይመስላሉ፤ እኔ ግን በመድረክ ላይ ቆሜ ብዙ ጊዜ ስለ ታላላቅ ነገር ሰብኬ በእነዚህ ፊት መልስ አጥቻለሁ።

ገንዘብ የሌለህ ተማሪ ከሆንህ ደግሞ ፊደል አለህ፤ ፊደል ሲሰጡት አይጎድልም። በአጠገብህ የሚቀመጠውንም ልጅ እይ። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሮች ቁርስና ምሳ መስጠት ተጀምሮአል፤ መልካም ሥራ ነው። ግን ከዚያ በፊት ስንት ዓመት ጦሙን የመጣ ልጅ ከጠገበው ጋራ በአንድ ወንበር ተቀምጦ ኖረ? መምህሩም ስለ ስንፍናው ገሠጸው፤ የጠገበው ጓደኛውም ሳቀበት።

ያችን ብላቴና እንደ ገና ያገኘኋት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከቤታችን ወጥታ አግብታ፥ ልጆች ወልዳ፥ በአንዲት ትንሽ ከተማ በገበያ ቅመም ትሸጥ ነበር። እኔ ለስብከት ሄጄ ነበር፤ እርስዋ ቀድማ አወቀችኝ፤ ተነሥታም እጅ ነሣችኝ። እኩያዬ ናት፤ ነገር ግን እኔን አንቱ ትለኛለች። ቃላት እያጠረኝ፥ በልጅነታችን ስለ ሆነው ሁሉ ይቅር እንድትለኝ ለመንኋት። ነገሩ ገርሞአት፥ «ምን በደላችሁኝ? እናትዎ ባይቀበሉኝ ኖሮ እኔም እንደ ወንድሜ በመንገድ በቀረሁ ነበር። እስከ ዛሬ ሳመሰግን እኖራለሁ» አለችኝ። እኔ ለዐርባ ዓመት ያህል በአፌ ያልሁትን ምስጋና እርስዋ በእውነት ትለው ነበር፤ ያውም ስለ እኛ ትርፍራፊ።

ከዚያም የማባዣውን ቍጥር ታስታውሺዋለሽን ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች፤ ከአንዱ ጀምራ እስከ ሰባቱ አንድም ሳትስት አለችልኝ፤ ቅመም ስትሸጥ እንደሚጠቅማትም ነገረችኝ። የስምንቱንስ አልኋት። «የስምንቱን አልሰማሁትም፤ በዚያ ጊዜ ክፍላችሁን ቀይረው ከአጥሩ አራቋችሁ» አለችኝ።